ቤዝመንት ውስጥ በቶርች ዶቃ መስራት ይቻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከብርጭቆ ዘንግ ዶቃ መስራት ልጀምር ብዬ በፕሮፔን ጋዝ ብቻ የሚሰራ ትንሽ ቶርች (እሳት መትፊያ) ገዛሁ። ቤዝመንታችን ባዶ ነው። አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያውም እዚያው ነው። ለባርቤኪው የምንጠቀምበትን ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ላወርደው ነው። ጥያቄዬ፦ የትኛውን መነፅር ልግዛ? ባለቤቴ «ቤቱን ልታቃጥዪው ነው» እያለ ያስቸግረኛል።

እትዬ ዶቃ (አሌክሳንድሪያ)፦
እህቴ፣ መነፅሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ሲሊንደሩን እንዳታወርጂው! በዚህስ ባልሽ እውነቱን ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ካፈተለከ እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ከቤዝመንት ደግሞ መውጫ የለውም። እዚያው ተኝቶ ይቆይና የውሃ ማሞቂያው ሲለኮስ፣ በቃ። ያ ትልቅ ሲሊንደር መኖሪያ ቤት ውስጥ በሕግም የተከለከለ ነው። የኔ ደጅ ነው የቆመው፤ ጋዙ በብረት ቧንቧ ግድግዳውን አልፎ ጋራዥ ይገባል። የዘረጋልኝም ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው አየር ነው። ሰው ሁሉ «መስኮት ከፍቻለሁ» ይላል። አይበቃም! ነበልባሉ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ያወጣል። ከበላዩ ኮፈን አድርጊና አየሩን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ግጠሚለት። አጣርቶ መልሶ ክፍሉ ውስጥ የሚተፋው የኩሽና ዓይነት አይረባሽም። የሚወጣውን የሚተካ አየር ከጀርባሽ ይግባ። ካልገባ ማራገቢያው የውሃ ማሞቂያውን ጭስ ከጭስ ማውጫው ወደ ቤት ይጎትተዋል። ቤዝመንትሽን የጠላሁት ለዚህም ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ደግሞ የግድ ነው።

አሁን መነፅር። ዘንጉ ለስላሳው፣ ማለትም ቶሎ የሚቀልጠው ብርጭቆ ከሆነ ዲዲሚየም የሚባለውን መነፅር ግዢ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲሞቅ ደማቅ ቢጫ ብርሃን ይወጣዋል፤ ዲዲሚየም ያንን ያስቀርና ስራሽ ይታይሻል። ቦሮሲሊኬት፣ ማለትም ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልገው ጠንካራው ብርጭቆ ከሆነ ግን ጠቆር ያለና ኢንፍራሬድ (የማይታየውን የሙቀት ጨረር) የሚከላከል ያስፈልጋል። የፀሐይ መነፅር ምንም አያደርግልሽም።

ልብስሽ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላም ጥጥ ነው ብለሽ ጣል አድርገሽ እንዳትቀመጪ፣ ጫፉ እሳት ውስጥ ይገባል። በሰው ሰራሽ ፀጉር ከተሰራሽ በጥጥ ሻሽ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ዘንጉን ከነበልባሉ ሩቅ ጫፍ በኩል ቀስ እያልሽ አስገቢ። በድንገት ካሞቅሽው ይፈነዳል፣ ስባሪውም የሚያርፈው ጭንሽ ላይ ነው።

በያጁ፦
መርካቶ ተምሬ ዴንቨር የምሰራ በያጅ ነኝ። ብርጭቆ አላውቅም፣ ጋዝ ግን እንጀራዬ ነው። የጋዝ ጎማ (ቱቦውን ማለቴ ነው) ስትገዢ «ቲ» የሚል ፊደል የተጻፈበትን ምረጪ። «አር» የሚለው ለሌላው የብየዳ ጋዝ ለአሴቲሊን ብቻ ነው፤ ፕሮፔን ቀስ በቀስ ይበላዋል። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውሃ ፈትኚ፤ አረፋ ከሰራ ያፈተልካል። በላይተር የሚፈትኑ ጀግኖች አሉ፣ አትስሚያቸው። ስትጨርሺ ከሲሊንደሩ ዝጊና ጎማው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ይለቅ።

ወደፊት ኦክስጅን ልጨምር ካልሽ እሳት ወደ ጎማው እንዳይመለስ የሚከለክለውን ፍላሽባክ አሬስተር ሳትገጥሚ እንዳትለኩሺ። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን የነካ እጅ የኦክስጅን መገጣጠሚያ አይንካ። ቅባት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ጀማሪዋ፦
ተባረኩ! ባለቤቴ ይሄን አንብቦ እየተኩራራ ነው። ጋራዥስ አለን፣ ግን መኪናው እዚያ ነው የሚያድረው። ሲበርድም እንዴት ልሰራ ነው?

እትዬ ዶቃ፦
መኪናው ደጅ ይደር፤ ቤንዚንና ቶርች አብረው አይገቡም። የሳር ማጨጃውንም አውጪው፣ እሱም ቤንዚን ይዟል። ለብርዱ ወፍራም የጥጥ ሹራብ ደርቢ እንጂ ማራገቢያውን እንዳታጠፊ። ቶሎ ሞቅ ይልሻል፣ ፊት ለፊትሽ እኮ እሳት ነው። ዶቃውን ቀስ ብሎ የሚያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ምድጃ (ኪልን) ከገዛሽማ ጭራሽ ሊሞቅሽ ነው። የኔ 510 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። የሚፈልገውን ሶኬት ግን ሳትገዢ በፊት ኤሌክትሪሺያን አሳዪ።