የቻይናው ኦርኪድ ሥዕል አፈሩ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የቻይናዊው ሠዓሊ ዤንግ ሲሺያዎ በጥቁር ቀለም የሣለው ኦርኪድ ላይ አፈር የለም፤ አበባው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሳይጨርሰው ቀርቶ ነው?

መልስ 1፦ የለም፣ እንዲህ ነው የሚተረጎመው፦ ሞንጎሎች በ1279 እ.ኤ.አ. የቻይናን የሶንግ መንግሥት ገርስሰዋል፤ አገሩን የተነጠቀ ሰው በምን አፈር ይተክላል? ሥዕሉ የ1306 ነው። ኦርኪድ ሰው በሌለበት ሸለቆም ስለሚሸት የጨዋ ሰው ምልክት ነው።

መልስ 2፦ ልትሞክረው ካሰብክ፣ መጀመሪያ አንድ ረጅም ጎባጣ ቅጠል ሳብ። ሁለተኛው ያቋርጠውና መሃላቸው ዓይን ይፈጠራል፤ ሦስተኛው ዓይኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ሦስቱን ጎን ለጎን ካደረግካቸው ሣር ሆነ በቃ። ክንድህን አንቀሳቅስ፤ በእጅ አንጓ ብቻ ከተሳበ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ብሩሹ ውኃ ከበዛበት ወረቀቱ ላይ ይፈሳል። አበባው በቀጠነ ቀለም አምስት ጭረት፣ እምብርቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች።

መልስ 3፦ ደግሞ ሱቅ ያለውን ሰፊ ቅጠል ኦርኪድ፣ ፋላኖፕሲስን፣ አይታችሁ አትሳሉ፤ የሥዕሉ ሲምቢዲየም የሚባለው ቅጠለ ቀጭን ኦርኪድ ነው።