ቀይ ዲኤክሴ ሮዝ ሆነችብኝ፤ በፖሊሽ ትመለሳለች ወይስ ሰም ይበቃታል?

ቀዩ ዲኤክስ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአጭሩ ልጠይቅ ብዬ ነበር፣ ግን የአባቴ መኪና ስለሆነች አልሆነልኝም።

ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ቀይ። ማለቴ ቀይ ነበረች። አባዬ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ በባልዲ ያጥባት ነበር። እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ውጭ ነው የምታድረው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አሁን ኮፈኑና ጣሪያው ሮዝ ሆነዋል፣ ያውም ኖራ የተነሰነሰበት ሮዝ። በሮቹ ከመስኮት በታች ይሻላሉ። በሩን ስከፍት የሚታየው የውስጥ ጠርዝ ግን ያናድደኛል፤ የደረሰ እሸት ቡና ነው የሚመስለው። መኪናዋ ድሮ ሙሉዋ እንደዚያ ነበረች።

ጥር ላይ እህቴ ታገባለች። «በአባዬ መኪና ካልሆነ ከቤት አልወጣም» ብላ ቁጭ ብላለች። ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ አንድ ጠርሙስ ፖሊሽና አንድ ቆርቆሮ የመኪና ሰም አገኘሁ። ልዩነታቸውን ብጠይቅ ሻጩ «ሁለቱም ያው ማብሪያ ነው» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «የማር አገር ተቀምጠህ ሰም ከሱቅ ትገዛለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሰማሁት። የንብ ሰም በነጭ ጋዝ አቅልጬ የግራውን ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ቀባሁት። ወዲያው ድምቅ አለ! ደስ ብሎኝ አጋሮ ድረስ ሄድኩ፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ በጥርጊያ መንገድ ገባ አልኩ። ስመለስ ፓራፋንጎው የለም። አቧራ ብቻ ነው ያለው። ባጥበውም አልለቀቀም።

ሌላው የሚያስፈራኝ ነገር፣ ኮፈኑን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ቀይ ሆነ። ቀለሙ እያለቀ ነው ማለት ነው?

ሾፌሩ

ወንድሜ አትድከም፣ አስቀባት። ፖሊሽ የሳምንት ውበት ነው።

የድሮ ቀቢ

ሾፌሩ፣ ቀለም ማስቀባት ስንት እንደገባ ጠይቀህ ታውቃለህ? ደግሞ ርካሹን ካስቀባ በዓመቱ እዚሁ ተመልሶ ይጠይቀናል።

ልጄ ዲኤክስ፣ አንተን መጀመሪያ ልቆጣህ። ነጭ ጋዝ እሳት ላይ ጥደህ ከሆነ ሰሙን ያቀለጥከው፣ ከሠርጉ በፊት ለቅሶ ልታመጣ ነበር። ሁለተኛ እንዳይለምድህ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሃያ ምናምን ዓመት ቀለም ረጭቻለሁ። አሁን ሳንባዬ እምቢ ብሎኝ ትቼዋለሁ። ጨርቁ ቀይ መሆኑ ለኔ ጥሩ ወሬ ነው። መኪናህ ክሊር የላትም ማለት ነው። የዛሬ መኪኖች ቀለማቸው ከሥር ሆኖ ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክሊር ይረጭበታል። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ፣ በተለይ ሜታሊክ (ብልጭልጭ ያለበት ቀለም) ያልሆኑት ቀይና ነጭ፣ ቀለሙም ማብሪያውም አንድ ላይ ነው። ፀሐይ ቀለሙን አያይዞ የያዘውን ነገር ከላይ ከላይ ይበላውና ዱቄት ያደርገዋል። ሮዙ ያ ዱቄት ነው። ቀዩ ከሥሩ አለ።

የኛን ቀይ አፈር ተመልከተው። ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይገረጣል። አፈሩ ያው አፈር ነው። ደረቅና ሻካራ ነገር ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ዓይንህም ነጭ የተቀላቀለበት አድርጎ ያየዋል። የንብ ሰምህም የሠራው ይህንኑ ነው። ዱቄቱን አረጠበው እንጂ አላነሳውም።

ፖሊሽና ሰም ያው ነው ያለህ ሰው ዕቃውን ሸጦት ይሆናል፣ አልሠራበትም። ፖሊሽ ውስጥ ደቃቅ መፋቂያ አለ። ይልጣል። ሰም አይልጥም፣ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀለሙን የሚያወጣልህ ፖሊሹ ነው። ሰሙ የወጣውን ይጠብቅልሃል፣ ትንሽም ያደምቅልሃል። በሞተ ቀለም ላይ ሰም መቀባት ፊቱን ያልታጠበ ሰው ቅባት ሲቀባ ማለት ነው።

የንብ ሰም ደግሞ ለስላሳ ነው። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ ኮፈን እዚያ አካባቢ ይደርሳል፣ አቧራውም ይጠመቅበታል። የመኪና ሰም ላይ ካርናውባ ተብሎ ተጽፎ ካየህ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። የመኪና ሰም ውስጥ የንብ ሰም አይገባም ማለቴ አይደለም፤ ብቻውን ነው የማይሆነው።

አሁን ሥራው። ፓራፋንጎውን ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርገህ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና እጠበው። መኪናዋን በሙሉ ጥላ ውስጥ እጠባት፤ ላሜራው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ጨርስ። ደረቅ አቧራ በጨርቅ አትጥረግ፤ ቀይ አፈር ውስጥ አሸዋ አለ፣ ጭረቱን አንተው ነህ የምትሠራው።

ቀለሙ ጠምቶታል። ዘይት የበዛበት፣ የማይፍቅ የማብሪያ ክሬም ካገኘህ ኮፈኑን ወፈር አድርገህ ቀባና አሳድረው። ያረጀ ቀለም ይጠጣዋል። እኔ ሰው ሲቸኩል ይህን እዘልለት ነበር፣ ልዩነቱ ግን ያስታውቃል። በማግስቱ ጥረገውና በፖሊሹ ግባ። በእጅ። ትራስ የሚያህል ቦታ ይዘህ፣ እሱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሂድ። ጨርቅህ ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጥ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይረው። ዱቄቱ የሞላው ጨርቅ መልሶ ይጭራል። የሚሽከረከረውን ማሽን ካልለመድከው አትንካው፤ በደቂቃ ያቃጥልብሃል።

የኮፈኑን ወገብ (ወጣ ያለውን መስመር)፣ የበሩን ጠርዝ፣ ወጣ ወጣ ያለውን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ጠርዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። ግራጫው መሠረት ብቅ ካለ ቀዩን ጨርሰሃል፤ መመለሻ የለውም።

ሰሙን በመጨረሻ። ስስ አድርገህ። ሰዎች እንደ ቅቤ ይለጥፉታል፣ ብክነት ነው። ጭጋግ ሲመስል በጣትህ ሰረዝ አድርገው፣ ንጹህ ከሆነ ወልውለው።

ሲልቨር ቪትዝ

ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ለኔም ይንገሩኝ። የኔዋ ጣሪያ ላይ ክሊሩ እንደ ተቃጠለ ቆዳ እየተላጠ ነው። ሰም ያቆመዋል?

የድሮ ቀቢ

አያቆመውም። ጠርዙን ካሸኸው እንዲያውም ይብሳል። ያቺ ቀቢ ያስፈልጋታል፣ ቢያንስ ጣሪያዋ። ደግሞ ሲልቨር ብዙ አትጠብቂበት፤ ትጠራለች እንጂ እንደ ቀይና እንደ ጥቁር ድምቅ አትልም።

ቀዩ ዲኤክስ (ጅማ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! (እሳት ላይ አልጣድኩትም፤ ፀሐይ ላይ ነው ያሟሟሁት። እውነቴን ነው።)

ዘይት ያለውን ክሬም ጅማ አጥቼ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። አሳደርኩት። ቅዳሜ ኮፈኑን መሃል ለመሃል በፕላስተር ከፍዬ ግማሹን ብቻ ሠራሁ፣ ለማየት ብዬ። ፕላስተሩን ስልጠው እናቴ ከበረንዳ «ውይ!» አለች። ከዚያ ዝም። አንደኛው ወገን ሮዝ፣ አንደኛው እሸት ቡና። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። አራት ያረጀ ካናቴራ ጨረስኩ፤ ክንዴ እስከ ሰኞ አልተነሳም። ጣሪያው እንደ ኮፈኑ አልሆነም፣ ግን ሮዝ አይባልም። ግራ ፓራፋንጎው ከሁሉም አምሯል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰሙን ሁለት ጊዜ ደረብኩ። ትናንት ባልተጠበቀ ዝናብ ውሃው ኮፈኑ ላይ እንክብል እንክብል እያለ ሲንከባለል ቆሜ ሳየው ነበር። ይህ ሰም ስንት ጊዜ ይቆየኛል?

አንድ ነገር ግን ላምን። ከኮፈኑ ወገብ ላይ ፕላስተሩን ቀድሜ አነሳሁት። ሲኒ አፍ የምታህል ግራጫ ብቅ አለች።

የድሮ ቀቢ

አልኩህ እኮ!

ሰሙ ውጭ ለምታድር መኪና ሁለት ወር ቢቆይ ነው፣ በክረምት ያነሰ። ውሃው መንከባለሉን ትቶ ሲለጠፍ ድገመው። ዱቄት ሳሙና አታስነካት፣ ሰሙን ይወስደዋል። ፖሊሹን ግን አትድገም፤ አንዴ ተልጧል፣ ይበቃዋል።

ግራጫዋን አትንካት። በኋላ በትንሽ ብሩሽ እናስተካክላታለን።

ቀዩ ዲኤክስ (ጅማ)

እሺ ጋሼ። ለጊዜው እህቴ መፍትሔ አግኝታለች። የሙሽራ አበባው እዚያ ላይ ይታሰራል።