ጉጉት አንገት ላይ፦ ጥበብ ወይስ ሟርት?

ተንከባካቢዋ፦ የምሠራው አዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እናቴ የሰጠችኝን የብር ጉጉት ከአንገቴ አላወልቅም። ባለፈው የአንድ አዛውንት ልጅ "እባክሽ አውልቂው፤ እኛ ዘንድ ጉጉት ሞት ጠሪ ናት" አለችኝ። አወለቅኩ፤ ግን ቅር አለኝ። እንዲህ ያለ ጌጥ በሥራ ቦታ መከልከል አለበት?

ሳንቲም ሰብሳቢው፦ ምን በወጣሽ! ጉጉት እኮ የጥንት ግሪኮች የጥበብ አምላክ የአቴና ወፍ ናት። የጥንት አቴናውያን የብር ሳንቲማቸው ላይ ቀርጸዋታል፤ የፈጠጡ ዓይኖች፣ ከጎኗ የወይራ ዝንጣፊ። ሳንቲሙንም "ጉጉት" ነበር የሚሉት። ዛሬም የግሪክ 1 ዩሮ ላይ አለች።

ሌሊት ወጪ፦ ጨርሰህ ንገራት እንጂ። ሮማውያን ጩኸቷን ከሞት ጋር ያያይዙት ነበር። የጥንቶቹ የሜክሲኮ አዝቴኮች ዘንድ ከሙታን ዓለም ጌታ ከሚክትላንቴኩትሊ ጋር ትነሳ ነበር። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብዙ ናቫሆዎች ደግሞ የክፉ ወሬ አምጪ ያደርጓታል። "ጉጉት ማለት ጥበብ" የሚለውማ ሻጮች ካርድ ላይ የሚጽፉት ነው።

ብር ሠሪው፦ አንድ አገር ውስጥ እንኳ ትርጉሙ አንድ አይደለም። ሂንዱዎች ዘንድ ጉጉት የሀብት አምላክ የላክሽሚ መጓጓዣ ናት፤ በሂንዲ ግን "ኡሉ" ብለህ ሰው ብትጠራ ሞኝ ማለትህ ነው። ጃፓኖች "ፉኩሮ" የሚለውን ስሟን "ችግር የሌለበት" ተብሎ እንዲነበብ አድርገው ይጽፉትና የዕድል ስጦታ ያደርጉታል። የእኔ ደንበኞች የሚደነግጡት ዓይኑን ሲያዩ ነው። ቀይ ፈርጥ ሳስገባበት ይመልሱታል። ዓይኑን ጨፍኜ ስቀርጸው ያው ጉጉት "ውይ፣ ሲያምር!" ይባላል።

ሌሊት ወጪ፦ ወፏማ ምን አጠፋች? የላባዋ ጫፍ እንደ ማበጠሪያ ስለሆነ ስትበር ድምፅ የላትም። በጨለማ አጠገብህ ድንገት ከች ስትል ማን አይደነግጥም!

ሳንቲም ሰብሳቢው፦ ሰው የፈራውን ሁሉ ካወለቅን ነገ መስቀልም አውልቁ ይባላል።

ብር ሠሪው፦ መስቀል እምነት ነው፤ ይሄ ጌጥ ነው፣ አናምታታው። ደንብ ይውጣ አልልም። ግን አባቷ አልጋ ላይ የሆነባት ልጅ ስትለምን የግሪክ ታሪክ አይነገራትም። ልብስሽ ውስጥ አድርጊው፣ አለቀ።

ነገር ቆራጩ፦ እኔ የምለው፣ ሽማግሌ ደግፈሽ ስታነሺ ሐብሉ አይያዝብሽም?

ተንከባካቢዋ፦ ሁለቴ ተይዞብኛል። አንዴማ ተበጥሶ ጉጉቷን ከአልጋ ሥር ነው ያወጣኋት።