ለጉባኤው የምናቀርበው የውሻ እርባታ ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፣ ፒያሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። የማኅበራችን ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ሐሳባችንን እዚሁ እናጥራው። የኔ መነሻ አንድ ነው፤ አንድ ወንድ ውሻ በዓመት ከሴት ውሻ ጋር ለእርባታ የሚገናኝበት ቁጥር ይወሰን። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ጀርመን ሼፐርድ ያለው ሁሉ ያንኑ ግርማ ሞገስ ያለውን ወንድ ነው የሚፈልገው። እንዲህ ከቀጠለ የሰፈሩ ቡችላ ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ይሆናል። በዓመት ሦስት ጊዜ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሐኪማችን፦
እደግፋለሁ። መዝገብ ግን ይቅደም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳናውቅ ገደቡ ብቻውን አይጠቅምም። በአባት ብቻ የሚዛመዱ ውሾች ቢዳቀሉ የቡችሎቹ የዝምድና መጠን፣ ማለትም አንዱን ዘረ-መል ከአንድ ዘመድ በእናትም በአባትም በኩል የመውረስ ዕድላቸው፣ 12.5 በመቶ ነው። አባትና ልጅ ከሆኑ 25 በመቶ ይደርሳል። ተደብቆ የኖረ የዘር ጉድለት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ለመዝገቡ ደብተር ይበቃል፤ የእናትና የአባት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ ቡችላው ወደ ማን እንደሄደ።

አባል፣ ካዛንቺስ፦
ዶክተር፣ የዳሌውስ ነገር? የኋላ እግሩን የሚያነክስ ውሻ ሳይ ባለቤቱ «ወድቆ ነው» ይለኛል። እኔ ግን አላምንም።

ሐኪማችን፦
ልክ ነሽ፣ ብዙ ጊዜ ከዘር ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት በአንድ ዘረ-መል አይመጣም፤ ብዙዎች ተደምረው ነው፤ ውፍረትም ያባብሰዋል። ስለዚህ ዘረ-መልን የሚያሳይ የምራቅ ምርመራ አይበቃውም። ውሻው ማደንዘዣ ወስዶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሮቹ ተዘርግተው ራጅ ይነሳል። በአሜሪካ የዳሌ ራጅ የሚገመግመው ድርጅት (OFA) የመጨረሻውን ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። እኛም ከዚያ በፊት አይገናኝ እንበል። ቡችላ ስለፈነጨ ዳሌው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

አባል፣ አራት ኪሎ፦
በስተርጅና የኋላ እግር ሽባ የሚያደርገውስ የአከርካሪ በሽታ? ተሸካሚውን፣ ማለትም ጉድለቱን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን፣ ሁሉ ከእርባታ ብናስወጣ ይሻላል።

ሐኪማችን፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሶድ1 በሚባለው ዘረ-መል ላይ ያለው ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2009 ተለይቷል፤ በምራቅ ይመረመራል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ውሻው እስኪታመም ብዙ ወልዷል። ተሸካሚ ከንጹሕ ጋር ቢገናኝ ግን ለሕመሙ የተጋለጠ ቡችላ አይወለድም፤ በአማካይ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው በአማካይ ከአራት አንዱ የሚጋለጠው። እኛ ጋ ያለው ውሻ ጥቂት ነው። ተሸካሚውን ሁሉ ብናባርር የቀሩት ዘመዳሞች ብቻ ይሆናሉ፤ ሌላ በሽታ እንጋብዛለን።

አባል፣ አራት ኪሎ፦
ገባኝ። እንግዲያው «ተሸካሚ ከተሸካሚ አይገናኝ» ይባል።

አባል፣ ቀበና፦
እኔ ወንድ ውሻ ነው ያለኝ። በዓመት ሦስት ጊዜ የምግቡንም አይሸፍንልኝም። ቢሆንም እቀበላለሁ፣ ሕጉ ለሁላችን ከሠራ። የራጁን ወጪ ግን ብቻችንን አንችለውም።

ጸሐፊ፣ ፒያሳ፦
ለወጪው፣ ቢሾፍቱ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደብዳቤ እንጻፍ፤ በቡድን ብንሄድ ሊረዱን ይችሉ እንደሆነ እንጠይቅ። የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦ መዝገብ ከመጪው ወር ይጀመር፤ ከ24 ወር በታች አይገናኝ፤ በአባት ወይም በእናት የሚዛመዱ አይዳቀሉ፤ ተሸካሚ ከተሸካሚ አይገናኝ፤ ወንድ በዓመት ሦስት ጊዜ። ዶክተር፣ ደብዳቤውን እርስዎ ቢያረቁልን? ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍልኝ።