«ነዳፊዎቹ ሳንቾን በባና ሲያነጥሩት» ነዳፊው ማን ነው?

ባለ ጥያቄ፦ አንድ የዶን ኪሆቴ (የስፔኑ የሰርቫንቴስ ልቦለድ) ሥዕል ሥር «ነዳፊዎቹ ሳንቾን በባና ሲያነጥሩት፤ ንድፍ ዶሬ፣ ቅርጽ ፒዛን» ይላል። ነዳፊዎቹ ሰአሊዎቹ ናቸው እንዴ? ደግሞስ ሰው ይነጠራል?

ቀለም ቀንድ፦ መጀመሪያ ሠዓሊ በንጉሡ ሠ ይጻፍ። በእሳቱ ሰ የጻፍከው ለማኝ ነው። ነገሩ ክፍል አንድ ምዕራፍ 17 ላይ ነው። ዶን ኪሆቴ ፈረሰኛ የማደሪያ አይከፍልም ብሎ ውልቅ አለ፤ አሽከሩ ሳንቾም በጌታው ወግ አልከፍልም አለ። የያዙት ዘጠኝ ናቸው፦ አራት የሴጎቪያ ሱፍ ነዳፊዎች፣ ሦስት የኮርዶባ መርፌ ሠሪዎች፣ ሁለት የሴቪያ ሰዎች። ጣሪያው ዝቅ ቢልባቸው ግቢ አውጥተው አጎኑት። ጌትዬው ከአጥሩ ውጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ያያል፤ ተደብድቦ ስለነበር መውረድ እንኳ አቃተው።

አክናፍ፦ እንዲያ ከሆነ «ነዳፊ» አይሆንም። ነደፋ በደጋን ነው፤ ጅማቱ ሲመታ ነው ጥጡ የሚፍታታው። እነዚያ ሱፉን የሚያበጥሩት በባለጥርስ መሣሪያ ነው። «አባዛች» ይባል።

ቀለም ቀንድ፦ መንዝ የበግ ጠጉር በምን ይነደፋል? ዳዊት የደገመ ሰው ይህን አይስትም፤ በግዕዝ ነደፈ በቀስት ወጋ ነው። ከቀስት ደጋን፣ ከደጋን ጥጥ፣ ንቧም ከዚያው። ንድፍም እርሳሱ ወረቀቱን ስለሚወጋ።

አክናፍ፦ እርሳስ ከወጋማ ተሰበረ! ንድፍ ከጥጡ ነው። ባዘቶ ገና ፈትል እንዳልሆነ፣ ንድፍም ገና ሥዕል አይደለም።

ማኅተም፦ «ቅርጽ»ን ዘላችሁት እኮ። ለ1863ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪሱ አሳታሚ ሐሼት እትም ሠዓሊው ዶሬ የሚሥለው እዚያው እንጨቱ ላይ ነው፤ ፒዛን በመቅረጫ ይፍቀዋል። እንጨቱ ቡክስ የሚሉት ጠንካራው ነው፤ አግድም ተቆርጦ ይለሰልሳል። ውፍረቱ ለማተሚያ ከሚደረደረው የብረት ፊደል ቁመት እኩል፣ 23 ሚሊሜትር ግድም ስለሆነ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይታተማል። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ለትልቅ ገጽ ቁርጥራጩ በብሎን ይገጣጠማል፤ መጋጠሚያው ከላላ ነጭ መስመር ሥዕሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ቀለም ከበዛም ቀጫጭኑ ፍቅ ይደፈንና ጥላው ጥቀርሻ ይሆናል። ልብ በሉ፣ የተቀረጸው ነጩ ነው፤ ጥቁሩ ሳይነካ የቀረው ነው። ስለዚህ እዚህ «ቅርጽ» መልክ ማለት አይደለም፣ የፒዛን እጅ ሥራ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ ቀረጥም ከዚሁ ነዋ! ቀራጩ ነጩን ፍቆ ይሄዳል፣ ለኛ ጥቁሩ ይቀራል።

ቀለም ቀንድ፦ በወንጌሉ ግዕዝ ቀራጩ መጸብሓዊ ነው። ቀልዱን ለቅኔ ቤት አቆየው።

ባለ ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን «ሲያነጥሩት» ነው «ሲያጎኑት»?

ሰምና ወርቅ፦ በዚያ ውፍረቱ እንደ ቅቤ ቢያነጥሩትም አይደንቅም።

አክናፍ፦ ቅቤ ሲነጠር ይጠራል እንጂ ሽቅብ አይዘልም። ኳስ ነው የሚነጥረው፣ እሱም መሬት ነክቶ። ባና መሬት ይሆናል?

ቀለም ቀንድ፦ ቆይ፣ ነደፈ ላይ ገና አልጨረስንም።