የአዲስ መድኃኒት ሙከራ ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም አለብኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ፤ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ሐኪሜ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ (መድኃኒቱ በብዙ ሕመምተኞች ላይ የሚፈተንበት ደረጃ) በደረሰ የመድኃኒት ሙከራ እንድሳተፍ ጠይቆኛል። የሚያስፈራኝ ለማነጻጸሪያ የሚሰጠው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ደርሶኝ ሕመሙ እንዳይብስብኝ ነው። ያለፋችሁበት ምከሩኝ።

የቀድሞ ተሳታፊ፦ እህቴ፣ መፍራትዎ ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት «አሁን የምወስደው መድኃኒት ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ ሕመም ላይ በሚደረጉ ብዙ ሙከራዎች አዲሱም ሆነ ባዶው ክኒን የሚሰጠው በሜቶትሬክሴት ላይ ተደርቦ ነው። እንዲያ ከሆነ ባዶው ቢደርስዎም ያለ ሕክምና አይቀሩም። ሕመሙ ከጠና መቼና ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚጨመርልዎ በጽሑፍ ይመልከቱ። ይህን በግልጽ የማይነግር ቡድን ካጋጠመዎ እኔ ብሆን አልገባም።

የምርምር ነርስ፦ የስምምነት ቅጹን ቤት ወስደው ረጋ ብለው ያንብቡት፤ እዚያው ፈርሙ ብሎ የሚያጣድፍዎ ሊኖር አይገባም። ከፈረሙ በኋላም በፈለጉ ጊዜ መውጣት መብትዎ ነው። ይህ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1964 ካወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ጀምሮ የታወቀ መርህ ነው፤ መደበኛ ሕክምናዎም በዚህ ምክንያት ሊጓደል አይችልም። ነገር ግን መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ለቡድኑ ነግረው ይውጡ። ባህላዊ መድኃኒትም ቢሆን የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ። የሚሰጥዎን የአደጋ ጊዜ ስልክ የያዘ ካርድ ከቦርሳዎ አይለዩት። ድንገት ሌላ ሆስፒታል ቢገቡና ለሕክምናዎ የግድ ካስፈለገ፣ የሚወስዱት አዲሱ መድኃኒት ይሁን ባዶው ክኒን፣ በሙከራው ጊዜ ከእርስዎ የተደበቀ ቢሆንም፣ ሊገለጥ ይችላል።

አስታማሚ፦ ስለ ድካሙ ማንም አላነሳም። እናቴ ተመሳሳይ ሙከራ ውስጥ ነበረች። ያዛላት መድኃኒቱ ሳይሆን ምልልሱ፣ የደም ምርመራውና በየቀኑ የሚሞላው መዝገብ ነው። ጣቶችዎ ጠዋት የሚያስቸግሩዎ ከሆነ ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ይጠይቁ፤ የመጓጓዣ ወጪ ይተካ እንደሆነም እንዲሁ። ሌላው እኛን የቆጨን ጉዳይ ነው፦ መድኃኒቱ ረድቷት ሳለ ሙከራው ሲያልቅ ተቋረጠባት። ከሙከራው በኋላ ይሰጠኛል ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። አቅምዎ ካልፈቀደ ደግሞ እንቢ ማለት ነውር የለውም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ሜቶትሬክሴቱ ይቀጥላል፣ ቀጠሮውንም ከሰዓት በኋላ ያደርጉልኛል። ከሙከራው በኋላ ስላለው ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡኝም። በጽሑፍ እስኪመልሱልኝ ድረስ አልፈርምም።