ተ/ማርያም ማን ነው?

የጎተራው ልጅ፦ ትናንት እዚሁ «ስም ማሳጠር ማንን ጎዳ? ከአውዱ ይታወቃል» የተባለው በጣም አናዶኛል። የሰው ስም ምን አውድ አለው? አባቴ ተስፋማርያም ነው። የድሮ ዲፕሎማው ላይ ግን ተ/ማርያም ይላል። የውርስ ጉዳይ ይዤ የሄድኩበት ቢሮ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ተክለማርያም» ብላ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። አሁን በወረቀት ሌላ አባት አለኝ።

ጡረተኛው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ከአውዱ ይታወቃል። 30 ዓመት መዝገብ ቤት በእጄ ጽፌያለሁ። ዓምዷ ሁለት ጣት አትሞላም፤ ገብረመድኅን ወልደጊዮርጊስ ኃይለማርያም የሚባል ሰው ይመጣል። የት ላድርገው? ገ/ ገብረ ነው፣ ወ/ ወልደ ነው። ጥፋቱ ሳትጠይቅ የጻፈችው ልጅ ነው፣ የዚህች የ«/» ምልክት፣ የእዝባሯ አይደለም።

የጎተራው ልጅ፦ ጋሼ፣ ገ/ ይሁን እሺ። ተ/ ግን ተክለም ነው ተስፋም ነው። የትኛው አውድ ነው የሚለየው?

የደሴዋ መምህርት፦ ሀ/ሥላሴ ብዬ ብጽፍስ? ሁላችሁም ኃይለሥላሴ ነው የምትሉት። «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገራችንን ለቱሪስት ያስተዋወቁት ግን ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። የፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስን ድልድይም ሀ/ጊዮርጊስ ብላችሁ ጻፉትና ልጆቻችሁን አስነብቧቸው።

ፊደል ይከበር፦ እህቴ፣ ይሄ የፊደል ጥፋት ነው! ሀብት በሃሌታው ሀ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። ፊደሉን ብንጠብቅ ኖሮ ሀ/ እና ኃ/ አይምታቱም ነበር። ሞክሼ ፊደል ይቀነስ የምትሉ ሰዎች ናችሁ እዚህ ያደረሳችሁን።

የአራዳው፦ ይቀነስ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልመለስም። ለአንድ እዝባር ብለን ልጆች ሦስት ዓይነት ሀ ይሸምድዱ? ስሙን ሙሉውን ጻፉት፣ አለቀ።

ፊደል ይከበር፦ ሦስት ዓይነት ሀ መሸምደድ ከብዶህ ነው ቅርስ የምትጥለው?

ነርሷ ከቨርጂኒያ፦ ፊደሉን ተዉትና እኔን ስሙኝ። ፓስፖርቴ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ጂ» ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ «ማርያም» ነው የተጻፈው። ቲኬት ስቆርጥ ሲስተሙ እዝባር አይቀበልም፤ «ጂማርያም» ሆንኩ። የሥራ ባጄም እንደዚያው ወጣ። አያቴ ገብረማርያም ነበሩ። ለአሜሪካዊው ከየትኛው አውድ ነው የሚታወቀው?

ጡረተኛው፦ የአሜሪካን ኮምፒውተር በእኔ አታላክኩ። በእኔ ጊዜ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ስምዎ ማን ይባላል?» ይባል ነበር። የጎተራው ልጅ፣ አባትህን አንተ ታውቃቸው የለ? ምን አስጨነቀህ?

የጎተራው ልጅ፦ እኔማ አውቃለሁ ጋሼ። የማያውቀው ፋይሉን የያዘው ነው። ከአባቴ ጋር አብሮ የሠራ ምስክር አምጣ ተብያለሁ። በሕይወት ያሉት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ «መምህር» እያሉ ነው የጠሩት።